አሥራ ሰባተኛው ጥላ

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ፒዮሪያ ስትሪት ላይ ባለ ሁለት መኝታ አፓርታማ ውስጥ እንኖር ነበር፤ ጠዋት ጠዋት የሚቀሰቅሰኝ ደግሞ ሰዓት ሳይሆን የብረት ድምፅ ነበር። ቀጭን ነው፣ አጭር ነው፣ አንዱ ከሌላው እኩል የተራራቀ ነው፤ ቅጭል፣ ቅጭል፣ ቅጭል። አባዬ ነው፣ ዕቃዎቹን እየቆጠረ። ዛሬም ሱቅ ገብቼ ማንጠልጠያ ላይ የተሰቀለ ብረት ሰው ሲነካካ ስሰማ፣ ሳላስበው መቁጠር እጀምርና አሥራ ስድስት ላይ ስደርስ እቆማለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባዬ እኔ ከመወለዴ ብዙ ዓመት በፊት አገር ቤት የጦር አውሮፕላን መካኒክ ነበር። ዴንቨር ከገባን በኋላ ሰው ከኤርፖርት የሚያመላልስ ሻትል ይነዳ ነበር፣ ግን የድሮ ሥራውን አውልቆ መጣል አልቻለም፤ አምጥቶ ኪችናችን ግድግዳ ላይ ሰቀለው። ሰፊ ጣውላ ነጭ ቀብቶ፣ እያንዳንዱን መሣሪያ ላዩ ላይ አስተኝቶ፣ ዙሪያውን በማርከር ከቦ፣ ውስጡን አጥቁሮ፣ ከዚያ ዕቃውን በራሱ ጥላ ላይ በምስማር አንጠለጠለው። ፒንሳው ሲነሳ የፒንሳ ጥላ ይቀራል፣ መርቴሎው ሲነሳ የመርቴሎ ጥላ። የእማዬ መቀስ እንኳ ጥላ ነበራት። አውሮፕላን በሚጠገንበት አዳራሽ፣ በሃንጋር ሕግ፣ አንድ ጥላ ባዶ ሆኖ አውሮፕላን አይነሳም፤ ሞተር ውስጥ ተረስቶ የቀረ አንድ መፍቻ ሰው ይገድላልና። በእኛ ቤት ሕግ ደግሞ አንድ ጥላ ባዶ ሆኖ ማንም ከቤት አይወጣም ነበር።

«ሰውዬ፣ ይሄ ኪችን ነው እኮ፣ ሃንጋር አይደለም» ትለው ነበር እማዬ።

«ኪችን ቢሆንስ? ከዚህ የሚነሳው ሰው አይደለም እንዴ?» ይላታል፣ ቆጠራውን ሳያቋርጥ።

ሁለት ነገር ግን አይገባኝም ነበር። አንደኛው፣ ጣውላው ላይ አሥራ ሰባት ጥላ እያለ ዕቃው አሥራ ስድስት ብቻ መሆኑ ነው። በቀኝ ጥግ፣ ከታች፣ የአንድ ትንሽ መፍቻ ጥላ ሁልጊዜ ባዶ ነበር፤ አባዬ ሲቆጥር ጣቱን እዚያ ላይ ያሳርፍና ያለ ድምፅ ያልፈዋል። «ይሄስ?» ስለው «እሱ አይቆጠርም» ይለኝ ነበር። ሁለተኛው እትዬ ውብነሽ ናቸው። እትዬ ውብነሽ እዚያው ዴንቨር፣ ሞንትቤሎ ሰፈር የሚኖሩ፣ እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን የምናገኛቸው ሴት ነበሩ፤ ባለቤታቸው ሻምበል ታደለ አብራሪ ነበሩ፣ በጦርነቱ ጊዜ እንደ ወጡ ቀሩ። እኔን ባዩኝ ቁጥር ጉንጬን ይዘው «የሰይፉ ልጅ» ይሉኛል፤ ሰይፉ አባዬ ነው። እሱ ግን ገና በሩቅ ሲያያቸው ጫማውን እንኳ በወጉ ሳያጠልቅ በጎን በር ይወጣ ነበር። እማዬ «ምን አድርገውህ ነው?» ስትለው «ምንም» ይላል። ከምንም የሚሸሽ ሰው እንግዲህ እኔ አይቼ አላውቅም።

በዚያ ሰመር ትምህርት ቤት ሲዘጋ የሚጠብቀኝ ሰው ስላልተገኘ፣ እማዬ ወደ ሥራዋ ይዛኝ ትሄድ ጀመር። ሥራዋ አቅም ያነሳቸውን ሽማግሌዎች ቤታቸው ሄዶ ማጠብ፣ መመገብ፣ መድኃኒት ማስታወስ ነበር። ብዙውን ቀን የምንውለው ዴንቨር መሃል፣ ካፒቶል ሂል በሚባል ሰፈር፣ አንድ አሮጌ የጡብ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ሚስተር ሃሮልድ የሚባሉ ዘጠና ዓመት የሞላቸው ሰው ዘንድ ነበር። እሳቸውም በወጣትነታቸው የአውሮፕላን መካኒክ ነበሩ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ እንግሊዝ አገር፣ ገጠር ውስጥ፣ አንድ የጦር አየር ማረፊያ ላይ ነበር የሠሩት። ግድግዳቸው ላይ ያ ማረፊያ ከሰማይ የተነሳ ፎቶ ነበረ፤ ሦስት ማኮብኮቢያዎች እርስ በርሳቸው ተቋርጠው የእንግሊዝኛውን ኤ ፊደል ይመስላሉ፣ በመካከላቸው እርሻ አለ።

«ከጦርነቱ በፊት የገብስ ማሳ ነበር» ይሉኝ ነበር፣ የሚንቀጠቀጥ ጣታቸውን ፎቶው ላይ እያስኬዱ። አንድ ገበሬ ከሚስቱና ከላሞቹ ጋር ይኖርበት ነበር። ሰዎች መጥተው መሬትህ ለጦርነቱ ይፈለጋል አሉት፣ አጥሩን ነቀሉ፣ ዛፉን ቆረጡ፣ ዓመት ሳይሞላ ማሳው ላይ ሲሚንቶ ፈሰሰ። ገበሬው ግን ከቤቱ ንቅንቅ አላለም፤ በማኮብኮቢያዎቹ መካከል በቀረችው መሬት ገብሱን እየዘራ፣ ቦምብ የጫነ አውሮፕላን በራሱ ላይ እያለፈ እሱ ያጭድ ነበር። ጎህ ሲቀድ የወጡት አውሮፕላኖች ከሰዓት በኋላ ይመለሳሉ፤ መካኒኮቹ ሣሩ ላይ ቆመው ይቆጥራሉ፣ ገበሬውም መንሹን ተደግፎ ይቆጥራል። «ቁጥሩን ጮክ ብሎ የሚናገር ግን አልነበረም» ይሉኝ ነበር። እኔ የቆጠራ ቤት ልጅ ነኝና፣ ይህ ታሪክ የዘመዶቼ ታሪክ ይመስለኝ ነበር።

ታዲያ አንድ ቀን መስኮታቸው ላይ የምትቀመጠው የቆርቆሮ አውሮፕላን ጎማዋ ወለቀ። ጎማውን የሚይዘው ሽቦ መጠምዘዝ ነበረበት፣ የሳቸው ጣት ደግሞ አይታዘዝም። እኔም በማግስቱ፣ አባዬ ቆጥሮ ከወጣ በኋላ፣ ፒንሳውን ከጥላው ላይ አንስቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ሄድኩ። ጎማውን ጠመዘዝኩት፣ ሚስተር ሃሮልድ አጨበጨቡልኝ፣ እኔም በደስታ ፒንሳውን እዚያው መስኮት ላይ ረስቼው ተመለስኩ።

በነጋታው ቅጭልታው አሥራ አምስት ላይ ቆመ።

አልጋዬ ውስጥ ሆኜ አሥራ ስድስተኛውን ጠበቅኩ። አልመጣም። ስወጣ አባዬ በፒጃማው ፍሪጁን ጎትቶ፣ የአልጋዎቹን ሥር በባትሪ እያየ፣ የቆሻሻውን ፌስታል ወለሉ ላይ ዘርግፎ ነበር። እማዬ ዩኒፎርሟን ለብሳ በሩ ላይ ቆማለች።

«ሰውዬ፣ ረፈደብኝ።»

«ማንም አይወጣም።»

«ምን ብዬ ልደውል? ሃሎ፣ ባሌ ፒንሳ ጠፍቶበት ነው ልበላቸው?»

«አዎ፣ እንደሱ በያቸው።»

ልትስቅ ስትል ግንባሩን አየችው። ላብ በላብ ሆኗል፣ ገና ከጠዋቱ አንድ ሰዓት። ቦርሳዋን አስቀምጣ ትራሶቹን ታነሳ ጀመር። ያኔ ነው ያልቻልኩት።

«አባዬ፣ እኔ ነኝ። ሚስተር ሃሮልድ ቤት ነው ያለው።»

ይቆጣኛል ብዬ ነበር። ወለሉ ላይ፣ ከቆሻሻው መሃል ቁጭ አለ። «በዓይንሽ አይተሽዋል? ከእጅሽ ስታስቀምጪው አይተሽዋል?»

«መስኮቱ ላይ ነው።»

«እንሂድ።»

መኪናውን እንዴት ፓርክ እንዳደረገው እማዬ እስከ ዛሬ ትስቅበታለች፤ አንዱ ጎማ እግረኛ መንገድ ላይ ነበር። ሦስተኛ ፎቅ ድረስ በደረጃ ሮጠን ወጣን። አባዬ በሩ ሲከፈት ሰላም እንኳ ሳይል መስኮቱ ጋ ደርሶ ፒንሳውን አነሳና በሁለት እጁ ይዞ ቆመ። ሚስተር ሃሮልድ ወንበራቸው ላይ ሆነው ትንፋሹ እስኪመለስ አዩት። ከዚያ በእንግሊዝኛ አንዲት ቃል ጠየቁት።

«ስንት?»

አባዬ ተርጓሚ አላስፈለገውም። «አሥራ ስድስት» አለ።

«የሰሌዳው ጥላስ?»

ፒንሳውን እያየ መለሰ። «አሥራ ሰባት።»

ሽማግሌው መነጽራቸውን አወለቁ። «የኛ ሰሌዳ ቢጫ ነበር» አሉና በእጃቸው ወንበር አሳዩት። «ተቀመጥ።»

ቅጠሉ ቢጫ መሆን ሲጀምር አባዬ እሑድ ከሰዓት በኋላ ካፒቶል ሂል መሄድን ልማድ አደረገ፤ እኔን ሁልጊዜ፣ እማዬን አንዳንዴ እያስከተለ። ስለ ሞተር ሲሆን እንግሊዝኛው እንደ ውሃ ይፈስ ነበር፤ ሚስተር ሃሮልድ የረሱትን የዕቃ ስም እሱ ያስታውሳቸዋል። ስለ ሰው ሲሆን ግን ወደ እኔ ይዞራል። በመካከላቸው እየተቀመጥኩ የዚያን ማረፊያ የኋላ ታሪክ እየተረጎምኩ ነው የሰማሁት። ጦርነቱ እንዳበቃ አውሮፕላኖቹ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ሄዱ፣ ወታደሮቹ የተኙባቸው የቆርቆሮ ቤቶች ባዶ ቀሩ፤ ከተማ ቤታቸው በቦምብ የፈረሰባቸው ሰዎች መጥተው መጋረጃ ሰቅለው ልጅ አሳደጉባቸው። ቀስ እያለ ገበሬው መሬቱን መልሶ አገኘ። ሲሚንቶው እየተፈለፈለ ለመንገድ ሥራ ተጫነ፣ የመቆጣጠሪያው ማማ መስታወቱ ረግፎ ሐረግ ወጣበት፣ ትልቁ ሃንጋር ደግሞ የዶሮ ቤት ሆነ።

«ዶሮ?» አለ አባዬ። «ሃንጋር ውስጥ? ማን ቆጠራቸው በያቸው።»

ሲነገራቸው ሚስተር ሃሮልድ ሳል እስኪይዛቸው ሳቁ። ይህን ሁሉ የሚያውቁት ከገበሬው ደብዳቤ ነው። በጦርነቱ ጊዜ ትራክተሩን ሲጠግኑለት እንቁላል ይሰጣቸው ነበር፣ በዚያ የተጀመረ ወዳጅነት በየገናው በሚላክ ካርድ እሱ እስኪሞት ቀጥሏል።

በክረምቱ መጀመሪያ፣ በረዶ መንገዱን በዘጋበት አንድ እሑድ፣ ሚስተር ሃሮልድ ከመሳቢያቸው በጨርቅ የተጠቀለለ መፍቻ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። ዝጎ ቆዳው የተላጠ ነው፣ እጀታው ላይ ግን የተፋቀ ፊደል ይታያል፤ የስማቸው መጀመሪያ ነው። እኔ እየተረጎምኩ ነገሩን። አንድ ጠዋት ይህ መፍቻ ከቢጫው ሰሌዳ ላይ ጠፋባቸው፣ ፈርተው ለማንም ሳይናገሩ ቀሩ፣ እሳቸው የሚጠግኗት አውሮፕላን ተነሳች፤ ከሰዓት በኋላ ሣሩ ላይ ቆመው ቢቆጥሩ እሷ የለችም። አሥር ልጆች ነበሩባት። ሃያ ዓመት ሙሉ የገደልኳቸው እኔ ነኝ እያሉ ኖሩ። ከዚያ አንድ ገና ከገበሬው ካርድ ሳይሆን ከባድ ጥቅል መጣ፤ ውስጡ ይኸው መፍቻ ነበር፣ ገበሬው ማሳውን በጥልቅ ሲያርስ ማረሻው ያወጣው። እሳቸው ከቆሙበት ቦታ አርባ እርምጃ ርቆ፣ ጭቃ ውስጥ ተቀብሮ ነበር። «መጀመሪያ መፍቻው ላይ ነው የተናደድኩት» አሉ። «ከዚያ ስላለቀስኩ ሚስቴ ገበሬው የሞተ መሰላት።»

ወጥ ቤት ውስጥ እማዬ ሰሃን ታጥብ ነበር።

«ትርሲት፣ ንገሪያቸው» አለ አባዬ። ዓይኑ መስኮቱ ላይ ነበር። እንዲመቸኝ ይመስለኛል፣ ቃል እንደሚያጽፍ አስተማሪ ቁርጥ ቁርጥ እያደረገ ነበር የሚናገረው። ማረፊያው አገር ቤት፣ በሰሜን በኩል ነው። አውሮፕላኗ ቁስለኛ የምታመጣ ነበረች። ጠዋት ዕቃዬን ስቆጥር አንድ ጎደለ፣ አሥር ቁጥር መፍቻ። አለቃዬ ሰው እየሞተ ነው፣ ፈርም እያለ ይጮሃል። እኔም ፈረምኩ።

«እሱ እንዲህ አለ» ተብሎ እንደሚተረጎም ማን ነግሮኝ። እግሬ ወለል ሳይነካ፣ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጬ፣ በእንግሊዝኛ «አሥራ ስድስት ቆጠርኩ፣ አሥራ ሰባት ብዬ ፈረምኩ» አልኩ። «ቁስለኛ» የሚለውን አላወቅኩትምና «የተጎዱ ሰዎች» አልኩ። «አብራሪው ሻምበል ታደለ ነበር። አልተመለሰም» አልኩ፣ የእትዬ ውብነሽ ባል መሆናቸው ያን ጊዜ፣ ስማቸው አፌ ላይ እያለ ገባኝ። ወጥ ቤት ውሃው ቆመ።

«ምን እንደጣላት ታወቀ?» አሉ ሚስተር ሃሮልድ።

«አልታወቀም። ደመና ይሆናል፣ ጥይት ይሆናል፣ መፍቻዬ ይሆናል። ያለችበት ገደል ነው፣ እዚያ የሚያርስ ገበሬ የለም።»

«ሚስት ነበረው?»

አባዬ አንዲት ቃል መለሰ። «ሞንትቤሎ።»

ይህንንም መተርጎም አላስፈለገኝም። ሽማግሌው አባዬን አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ እንደገና አባዬን አዩት። «ሃያ ደቂቃ ነው እኮ» አሉ። ቆየት ብለው ደግሞ፣ «እኔ ለአብራሪው እናት ልጽፍ አስቤ ነበር። ስደፍር ሞታ ነበር» አሉ።

እማዬ እጇን እንኳ ሳታደርቅ መጥታ አባዬ አጠገብ ተቀመጠች። ሁሉን ሰምታ ነበር። ባዶው ጥላ ምን እንደሆነ ለሁለታችንም በአንድ ቀን ተነገረን።

እናንተዬ፣ ከዚያ ወዲያ በማግስቱ ሞንትቤሎ የሄደ እንዳይመስላችሁ። ክረምቱ ሙሉ አልሄደም። እንዲያውም ባሰበት፤ ቅዳሴ ሳያልቅ መውጣት ጀመረ። እኔ አሁን የሚሸሽበትን ስለማውቅ፣ እትዬ ውብነሽ ጉንጬን ሲይዙኝ ዓይናቸውን ማየት ያቅተኝ ነበር፤ እንዳላውቅ የተደበቀብኝ ነገር አሁን እኔም የምደብቀው ሆነ። አንድ እሑድ መኪና ውስጥ «እኔ ልንገራቸው? እንግሊዝኛውን እኔ አይደለሁ የተናገርኩት?» አልኩት። አባዬ ቁልፉን አዙሮ ሞተሩን አጠፋ። «አይሆንም» አለኝ። «ይሄ የኔ አማርኛ ነው።»

ዛፉ እንደገና ሲያቆጠቁጥ የሚስተር ሃሮልድ ልጅ ከሌላ ስቴት መጥታ ልትወስዳቸው ሆነ። በመጨረሻው እሑድ መፍቻውን በጨርቁ እንዳለ አባዬ መዳፍ ላይ አኖሩለት፣ ጣቶቹንም አንድ በአንድ አጠፉበት። እኔም የምተረጉመው ቃል አልነበረኝም።

ከፋሲካ በኋላ ባለው ቅዳሜ አባዬ ሸሚዙን ተኩሶ፣ መፍቻውን ኪሱ ውስጥ ከትቶ፣ እኔን «ነይ» አለኝ። እትዬ ውብነሽ በሩን ሲከፍቱ ደነገጡ። እኔን ሶፋ ላይ አስቀምጠው ጁስ ሰጡኝ፤ አባዬ ግን ቢለምኑት አልቀመጥ አለ። ኮፍያውን በእጁ ይዞ፣ እንደ ወታደር ቆሞ፣ ለሚስተር ሃሮልድ ያለውን ሁሉ በገዛ አፉ ነገራቸው። «ቆጥሬ ጎደለኝ፣ ሞላ ብዬ ፈረምኩ፣ እመቤቴ። እርስዎን ማየት ያልቻልኩት ለዚህ ነው።»

እትዬ ውብነሽ የነጠላቸውን ጫፍ ጣታቸው ላይ ይጠቀልሉ ጀመር።

«በጎን በር የምትወጣው ለዚህ ነው?» አሉ በመጨረሻ። «እኔ እኮ አንድ ክፉ ነገር ታውቃለህ ብዬ ነበር። ታደለ ሲወጣ ፈርቶ ነበር፣ አልቅሶ ነበር፣ እሱን ላለመንገር ነው የሚሸሸኝ ብዬ።» እንባቸው ወረደ። «መፍቻው እዚያ ይኑር አይኑር እኔ አላውቅም፣ አንተም አታውቅም፣ የሚያውቅ አንድዬ ነው። እኔ ስፈልግህ የኖርኩት ለሌላ ነው። መሬት ላይ መጨረሻ ያየኸው አንተ ነህ። ምን አለህ?»

አባዬ ይህን የሚጠይቀው ሰው ይመጣል ብሎ አስቦ አያውቅም ነበር። ኮፍያውን ሁለት ጊዜ አዞረው።

«ምንም ቁም ነገር አልነበረም፣ እመቤቴ።»

«ግድ የለህም፣ ንገረኝ።»

«አውሮፕላኗ ውስጥ ሊገባ ሲወጣ ደረጃው ላይ ቆሞ እግሩን እያወዛወዘ፣ "ሰይፉ፣ ውቤ የገዛችልኝ ጫማ ጠቦኛል፣ እንዳትነግርብኝ" አለኝ። ከዚያ ስቆ ገባ።»

እትዬ ውብነሽ አፋቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። እያለቀሱ መሆኑን ሳይ ተነስቼ ልሄድ ነበር፣ ግን ትከሻቸው የሚንቀጠቀጠው በሳቅም ነበር። «አርባ ሦስት ውሰድ ብዬው ነበር» አሉ። «አርባ ሁለት ይበቃኛል ብሎ ድርቅ አለ። አርባ ሦስት ውሰድ ብዬው ነበር እኮ።» ከዚያ አባዬን በክንዱ ጎትተው አስቀመጡት።

አሁን እኔ የራሴ ቤት አለኝ፤ ከቤት ስወጣ የሚቆጥረኝ የለም፣ ኪችኔ ግድግዳ ላይም ካላንደር ብቻ ነው ያለው። እንደ ዘመኔ ሰው ሁሉ «ደረስኩ» ብዬ ቴክስት አደርጋለሁ፣ «እሺ» ይመጣልኛል፣ እሱም ቆጠራ ነው። ግን ያኔ አንድ ፒንሳ ስትጠፋ ሦስት ሰው ሥራና ዕረፍት ትቶ ይፈልጋት ነበር፤ አሁን የምንጠፋፋው ስልካችን በእጃችን እያለ ነው።

አባዬ ከሞንትቤሎ እንደተመለስን የሚስተር ሃሮልድን መፍቻ ባዶው ጥላ ላይ አስተኝቶ ሞከረው፤ ተለቅ ስለሚል አልገጠመም። ጎኑ አዲስ ጥላ ሣለለትና እዚያ ሰቀለው፣ የድሮውን ባዶውን ተወው። በማግስቱ እሑድ ቅዳሴው እስኪያልቅ ቆየ፤ ጫማውን ቀስ ብሎ አጥልቆ በዋናው በር ወጣና እትዬ ውብነሽን በመኪናው ቤታቸው አደረሳቸው። እስከ ዛሬ እሑድ እሑድ የሚያደርሳቸው እሱ ነው። በራቸው ላይ ያወርዳቸውና ገብተው መብራቱን እስኪያበሩ ድረስ ከመኪናው ወጥቶ ቆሞ ይጠብቃል።